ነጥብ የሆኑት ከብቶች

ያን ሰሞን ላፕቶፔ ከእኔ በላይ ያልበው ነበር። ቆቦ ነው፤ የቢሯችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማጓጓዝ ያለፈ ሥራ አልነበረውም። እኔ የአንድ የከብት ክትባት ፕሮጀክት የመረጃ ባለሙያ ተብዬ፣ ከየቀበሌው የተሰበሰበውን መጠይቅ ሳስ በሚባል ፕሮግራም እደምራለሁ። ለየትኛው ቀበሌ ስንት ክትባት እንደሚመጣ የሚወሰነው እኔ በምልከው ሠንጠረዥ ነው። መላክ ያለበት ዓርብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሠንጠረዡን አትሜ ለእንስሳት ሐኪማችን ሰጠሁት። የአካባቢው ልጅ ነው፤ ምላሱ ከመርፌው ይበልጥ ይወጋል። አየው፤ ገለበጠና ባዶውን ጀርባውንም አየው።

«ሌሎቹ ከብቶች የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«የእነዚህ ሰዎች ከብት ውሃ ሊጠጣ አስፋልቱን ሲያቋርጥ አውቶቡስ ግማሽ ቀን ይቆማል። ያንተ ኮምፒውተር ግን ከሦስት ላምና ከአንድ አንካሳ በሬ በላይ አላገኘም። ክትባቱ በዚህ ወረቀት ልክ ከመጣ ቀሪውን ማን ይክተበው? በሽታው?»

«ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ነው የጨረሰው» አልሁት ኮስተር ብዬ።

አልዋሸሁም። ሳስ ሥራውን ሲጨርስ ሎግ የሚባል ጽሑፍ ይተዋል፤ የሠራውንም የከበደውንም እዚያ ይናዘዛል። ነገር ሲበላሽ በቀይ ይጮኻል፤ ማስጠንቀቂያውን በአረንጓዴ፣ ተራ ማስታወሻውን በሰማያዊ ይጽፋል። እኔም የምፈልገው ቀይ ብቻ ነበር። ቀይ ከሌለ ሎጉን ዘግቼ ምሳ እሄዳለሁ። ሰማያዊውን ጽሑፍ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነበር የማሳልፈው።

ሐኪሙ ሲወጣ እያጉረመረምሁ ሰማያዊውን ማንበብ ጀመርሁ። በከብት ብዛት ቦታ የገባው ነገር ቁጥር አይደለም ይላል። ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ ነጥብ አድርጎታል፤ ሲደምር ደግሞ ነጥቦቹን ይዘላቸዋል። እንዲህ ያሉ መስመሮች ሃያ ናቸው። ሃያውን ለይቼ አወጣሁና እንደገና አስኬድሁት። ሌላ ሃያ መጣ። እሱንም አወጣሁ። መብራት ሄደ፤ መብራት መጣ፤ ሌላ ሃያ። ላፕቶፑን በመስኮት ልወረውረው ስል ነው የገባኝ፤ ለካ ሃያ ስህተት ከዘረዘረ በኋላ ድካም ይሁን ይሉኝታ አፉን ይዘጋል። ይህንንም በአረንጓዴ ጽፎልኝ ኖሯል።

መጠይቆቹን ከካርቶን አወጣሁ። «ከብት ስንት አለዎት?» ከሚለው ፊት ለፊት «አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ተጽፏል። የሚቀጥለው ላይ «ተመስገን»። ሌላው ላይ «አሉ»። አንዱ ላይማ «ዓይን አይግባባቸው እንጂ ደህና ናቸው» ይላል። ከሮቢት ከተማ የመጣችው ጸሐፊያችን አንዱንም ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ገልብጣዋለች። ልቆጣት ሄድሁ።

«እህቴ፣ ይሄ ቁጥር ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን አስገቢ ያልከኝ አንተ ነህ። ሰውየው አልሐምዱሊላህ ካለ እኔ ማን ነኝና ዜሮ የምለው?»

ቆላ ውስጥ ከብት የሞላለት ሰው ቁጥሩን ከአፉ አያወጣም፤ የተቆጠረ መንጋ ይጎድላል ብሎ ይፈራል። ሳያመነታ የሚቆጥረው አንድ በሬ ያለው ነው። የእኔ ሠንጠረዥ እንግዲህ ድሃውን ቆጥሮ ባለጸጋውን ነጥብ አድርጎታል።

ማክሰኞ ከሐኪሙ ጋር ወደ ጎብዬ ከተማ ወረድን። «አልሐምዱሊላህ» ካሉት አንዱን አዛውንት ሻይ ቤት በር ላይ አገኘናቸው።

«አባቴ፣ ከብትዎ ስንት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ይብዛልዎ። ግን ስንት?»

«አሉ ልጄ፣ አብሽር።»

በሰባት ዓይነት መንገድ ጠየቅኋቸው። በሰባቱም አመሰገኑ። ሐኪሙ ሻዩን እየጠጣ ይስቃል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ፣ «እሺ፣ ይሄ የሚስቅብኝ ሰው ስንት መርፌ ይዞ ይምጣ?» አልኋቸው።

«ስድሳ ይበቃል» አሉ ዓይናቸውን ሳያሹ። «ሁለት ጨምርበት፤ የሚሰበር አይጠፋም።»

እስከ ሐሙስ ድረስ በፕሮጀክቱ ሞተር ሐኪሙ ከኋላዬ ዝርዝሩን እያነበበ፣ እኔ አቧራውን እየዋጥሁ፣ ነጥቦቹን ሁሉ ቤት ለቤት ዞርናቸው። ስለ ከብት የጠየቅነው አንድም ሰው የለም። ስለ መርፌ ግን ሁሉም አፈ ቀላጤ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት አስኬድሁት። ቀይ የለም፤ አረንጓዴ የለም። ሰማያዊውን ጣቴን እያስኬድሁ እንደ ዳዊት ደገምሁት። አንዲት ነጥብ ቀርታለች። ወረቀቷን ፈልጌ ሳወጣ «ተመስገን» ይላል፤ በመላሹ ቦታ የሐኪሙ ፊርማ አለ። የአባቱ ቤት ነው። ዝርዝሩን የሚያነበው እሱ ነበርና ዘሏታል።

ጠራሁት። ወረቀቱን አሳየሁት።

«ስንት ናቸው?»

«አሉ» አለ።

«አራት ቀን ሙሉ ስትስቅብኝ የነበርከው አንተ አይደለህም?»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ስንት መርፌ?»

«አርባ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።