የአምስት ቀን ሻንጣ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለሥራ ናይሮቢ ልትሄድ ሻንጣ ስታዘጋጅ አጠገቧ ተቀምጬ አያት ነበር። የምትቆየው አምስት ቀን ነው። ልብሷን እየጠቀለለች ስትደረድር ጎረቤታችን በርበሬ በፌስታል ቋጥራ ገባች። «እህቴ እዚያ ናት፤ አደራ አድርሺልኝ» አለቻት። ልጄ ቀና ብላ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ቦታ የለኝም» ስትላት ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ። ፌስታሏን ይዛ ወጣች።

«አባባ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ ልጄ።

«አላጠፋሽም» አልኳትና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የሊባኖስ ጦርነት አብቅቶ፣ የፎቆቹ የጥይት ቀዳዳ ገና ሳይደፈን ቤይሩት ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ምካሌስ በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር፣ ሻንጣ የሚያከፋፍል ሰው ዘንድ ጫኝና አውራጅ ሆኜ እሠራለሁ። ማደሪያዬ ደክዋኔ ነው፤ እዚያ ከዓለሚቱና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ዓለሚቱ ከአሠሪዋ ጠፍታ ወጥታ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ፣ ሆዷ ግን ቂም የማይዝ ሴት ነበረች።

እሁድ እሁድ እታፈራሁ ትመጣብናለች። የደሴ፣ የሰፈሬ ልጅ ናት። አንጠልያስ፣ ባሕሩን ከሚያይ ፎቅ ላይ ስትሠራ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማዳሟ ስሟን መጥራት አልሆንላት ቢል «ሪታ» ብላታለች። ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ ሁለት ሰዓት ይፈቀድላታል፤ እሷ ጸሎቷን አሳጥራ በሚኒባስ ወደ እኛ ትሮጣለች።

በመስከረም አንድ እሁድ መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ማዳሜ ፓሪስ ልትወስደኝ ነው፣ ጋሼ። ልጆቹን እንድይዝላት። አምስት ቀን» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አልመለስም። የአክስቴ ልጅ እዚያ አለች» አለች።

«እታፈራሁ፣ አስበሽበታል?»

«የማዳሜ ባል የክፍሌን በር ቁልፍ ነቅሎ ወሰደው» አለችኝ።

ከዚህ ሌላ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።

በሻንጣ ነገር እኔ አዋቂ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ከመጋዘናችን ፊት ለፊት በኩል መሸጫ አለ። የጌታው እህት በመስታወቱ ውስጥ አንድ ሻንጣ ከፍታ፣ አንዲት ዘመናዊ ሴት ለጥቂት ቀን ትልቅ ከተማ ስትሄድ የምትይዘውን አሳምራ ትደረድርበታለች። ከሁሉም ጋር የሚሄድ ጥቁር ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ስስ ሹራብ፣ የለበሱትን ሁሉ አዲስ የሚያስመስል አንድ ሻርፕ። ካልሲው ጫማው ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከባዱ ነገር በጎማው በኩል ይሆናል። ካርቶን ተሸክሜ ስመላለስ ይህን ሁሉ በዓይኔ ተምሬዋለሁ።

ጎኗ ስለተጫረ የማትሸጥ አንዲት የወይን ጠጅ ቀለም ያላት ሻንጣ ከጌታው ለምኜ አመጣሁላት። ማዳሟ የተወችላትን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግተን መረጥን። «ሻንጣሽ የምትመለስ ሰው ሻንጣ መምሰል አለባት» አልኳት። «የእናትሽ ፎቶ አይግባ። ካፖርት አይግባ። የሰው አደራ ደግሞ ዘወር በይው! የአክስትሽን ልጅ ስልክ በቃልሽ ያዢው።» ሸሚዙን እየጠቀለለች ቁጥሩን እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር።

ዓለሚቱ ማበጠሪያዋን እንደ ማኅተም ጨብጣ በር ላይ ቆመች። «ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ማዳም ሪታ! ፓስፖርት!»

እታፈራሁ ሻርፗን ጣል አድርጋ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ክፍሉን አቋረጠች።

«ኧረ ባክሽ! ባልዲ የያዝሽ ነው የምትመስዪው! ትከሻሽን ልቀቂው፣ ማንም አይመታሽም» አለቻት ዓለሚቱ። ሳቅን። እታፈራሁም ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ይመስለኛል።

የፓሪሱ ወሬ ተሰማና ሰው ከየአቅጣጫው አደራ ይዞ መጣ። ደብዳቤ የያዘ አለ፣ ሽሮ የያዘ አለ፣ የልጅ ፎቶ የያዘ አለ። የኛ ሰው መንገደኛ ካየ አይችልም። እሷ ግን እንዳልኳት ሁሉንም መለሰች። አንዷ የሽሮዋን ቋጠሮ ከእጇ መንጭቃ፣ «ገና ፓሪስ ሳትደርስ ፈረንሳይ ሆነች!» አለቻት። እታፈራሁ አለቀሰች። እኔ ነኝ አይዞሽ ያልኳት፤ «ይጥሉሽ፤ እዚያ ስትደርሺ መልሰው ይወዱሻል» ያልኳት እኔ ነኝ።

በዚያው ክረምት እናቴ ደሴ ላይ አርፋ ነበር። ዓለሚቱና ሌሎቹ በማለዳ አልጋዬን ከበው ነው ያረዱኝ። ፓሪስ የሚኖር ሙሉጌታ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። ቤቱ ስልክ አልነበረውም፤ በወር በሁለት ወሩ እሱ ወደ መጋዘኑ ይደውልልኛል። «እማዬስ?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። መርዶ በስልክ ሽቦ እንዴት ይነገራል? የሚያውቀው ሰው በማለዳ ሄዶ፣ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ሲወድቅ ደግፎ ነው እንጂ። እኔ ደግሞ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው አላውቅም።

የመጨረሻው እሁድ ዝናብ ነበር። ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ገዝቼ ጠበቅኋት፤ ግማሹን እንኳ አልጨረሰችም። የእናቴን ነጠላና የሙሉጌታን አድራሻ የያዘች ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ምንም አትያዢ ያልከኝ?»

«ይኼ ዕቃ አይደለም፤ መርዶ ነው።»

ነጠላውን ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችው። እናቴን ታውቃታለች። «እሺ። ብቻ አድራሻውን ልሸምድደው» ብላ ሦስት ጊዜ ሞከረች። የፈረንሳይ የመንገድ ስም ረጅም ነው፤ ምላሷ ላይ አልቀመጥ አለ። ሰዓቷ ደግሞ እየሄደ ነው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ወረቀቱን ነጠላው እጥፋት ውስጥ አድርጊው። ማን ያየዋል?» አልኳት።

የሆነውን የሰማነው በዚያው ፎቅ ታችኛው ቤት ከምትሠራ ልጅ ነው። የመሄጃቸው ጠዋት የማዳሟ ሻንጣ አልዘጋ አለ። ሻንጣው ጢም ብሏል፤ ሁለት ጫማ ደግሞ ውጭ ቀርቷል። «ሪታ፣ ያንቺ ቦታ አለው» ብላ ከፈተችው። ፍተሻ አልነበረም። በደንብ ስላሰናዳነው ቦታ ተርፎት ነው። ጫማውን ልታስገባ ነጠላውን ብድግ ስታደርገው ወረቀቷ ወደቀች። ማዳሟ ፈረንሳይኛ ታነባለች።

«ፓሪስ ሰው እንዳለሽ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ሄደች። እሷን ቤት ውስጥ አስቀረቻት። ቁልፉ ባልየው ጋ ነበር።

ሁለት እሁድ ስትቀር ሚኒባስ ይዤ አንጠልያስ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ወደ በረንዳው አንጋጠጥኩ። ሌላ ልጅ ልብስ ታሰጣለች። ከውስጥ «ሪታ!» የሚል ድምፅ ተጣራ፤ ልጅቱ አቤት ብላ ገባች። የታችኛው ቤት ሠራተኛ እንደነገረችን፣ ባልየው አንድ ጠዋት እታፈራሁን መኪና ውስጥ አስገብቷት ሄዷል። የያዘችው ፌስታል ብቻ ነው። ወደ አውሮፕላን ይሁን ወደ እስር፣ ወይስ ወደ ሌላ ሰው ቤት፣ የሚነግረን አልተገኘም። ዓለሚቱ ወረቀት ስለሌላት መጠየቅ አትችልም። እኔ ወረቀት ነበረኝ፤ ልብ ግን አልነበረኝም።

ከዚያ ሙሉጌታ ደወለ። ጌታው አጠገቤ ቆሞ፣ የጭነት መኪናው ደጅ ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ፣ ወንድሜ «እማዬስ?» አለኝ። ለመዋሸት ጉልበት አጣሁ። «አርፋለች» አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ «አውቃለሁ፣ ወንድሜ። እዚህ ያሉ የደሴ ሰዎች ካረዱኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ደህና ናት ስትለኝ፣ አንተ አልሰማህም መስሎኝ ነው። ብቻህን ነህ፣ በስልክ እንዴት ልንገርህ?» አለ።

ጌታው ሰዓቱን እያሳየ ወደ መኪናው ጠቆመኝ። ስልኩን ዘጋሁና ካርቶኑን ተሸከምኩ።

አገሬ ገብቼ ደሴ ስሄድ የእታፈራሁን ቤተሰብ ጠየቅኩ። እናቷ ቤቱን ለቀዋል፤ ጎረቤቶቹ «ወዴት እንደሄዱ አናውቅም» አሉኝ። የት ሆነው ልጃቸውን እንደጠበቁ፣ ይጠብቁም እንደሆነ አላውቅም። ሙሉጌታ አሁን ሸምግሏል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል፤ ስለ ጉልበታችንና ስለ ስኳራችን እንጫወታለን። ስለ እታፈራሁ ግን አንድ ቀንም ነግሬው አላውቅም። እሱ ዘንድ ልትደርስ እንደነበር፣ የእሱ አድራሻ እንዳስያዛት አያውቅም። በስልክ ልነግረው ስል ወደ ጉልበቴ ወሬ እመለሳለሁ። ሄጄ ልነግረው አልችልም፤ እሱም መምጣቱን እንጃ። ይህን ጽሑፍ ልጄ ትልክለታለች። መርዶውን በወረቀት ይረዳ፤ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።