ደህና ነን ያልንበት ቢሮ

ወልቂጤ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ ስልክ መላሽ ሆኜ ስቀጠር ቢሮው ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም ነበር። ኩባንያው የአዲስ አበባ ልጆች ያቋቋሙት የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው። ባለሱቆች ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን በስልካቸው መተግበሪያ ያዝዛሉ፣ ዕቃው በመኪና ደጃቸው ድረስ ይሄድላቸዋል። መተግበሪያው አልታዘዝ ያላቸው፣ ወይም ከመነካካት በአፋቸው መናገር የሚቀናቸው ደግሞ ወደ እኛ ይደውላሉ። ከጉንችሬ፣ ከአረቅጥ፣ ከቡታጅራ፣ ቀኑን ሙሉ።

አባቴ በመምህርነት ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ያደግሁት ወልቂጤ ነው። ትዕግሥት ግን ከአገሩ አልተማርኩም። አንድ ነገር ካናደደኝ ፊቴ ቀድሞ ይናገራል፣ አፌም ብዙ አይዘገይም። ቢሮ ውስጥ «በርበሬ» የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም።

በመጀመሪያው ጊዜ ሥራው ደስ ይል ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ አልፎ አልፎ ይመጣና መሃላችን ተቀምጦ ስልክ ያነሳል፣ ይሳሳታል፣ እንስቅበታለን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም የምሳ ዕቃችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንከፍታለን። የአንዱ ቆጮና ጎመን፣ የሌላው ሽሮ፣ የሌላዋ መኮሮኒ ይቀላቀላል፤ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

አጠገቤ የምትቀመጠው በዕድሜ ከሁላችንም የምትበልጥ፣ ከቡታጅራ በትዳር የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች። እትዬ ነው የምንላት። ባሏ ወገቡን ታሞ ከተኛ ቆይቷል፣ ልጆቿ ገና ተማሪዎች ናቸው፣ ቤቱ የሚያድረው በእሷ ደመወዝ ነው። ስልክ ስታነሳ ወደ ስኳርና ዘይት ለመግባት አትቸኩልም። «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ከዚያ ልጆቹን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ከብቱን፣ እንሰቱን፣ ገበያውን፣ ከዚያ ዞራ «ራስዎስ ግን ደህና ነዎት?» ትላለች። ሰውየው በመጀመሪያው ጥያቄ ደህና ነው። በሁለተኛውም ደህና ነው። በእኛ አገር ችግሩን በመጀመሪያው «እንዴት ነህ» የሚያራግፍ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ደጋግመህ ስትጠይቀው ነው የምር መጠየቅህን የሚያምንህ።

አንድ ጊዜ የአረቅጥ ባለሱቅ እንደዚሁ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ሲላት ቆይቶ በመጨረሻ ድምፁ ተቆረጠ። ሚስቱ ወልቂጤ ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል፣ ጠያቂ ዘመድ እዚህ የላትም። እትዬ ከሥራ ስትወጣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ሄደች። በማግስቱ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔ የሰማሁት ባለሱቁ ሊያመሰግን ሲደውል ነው። አንቺ ሴት ምንድን ነሽ ብዬ አየኋት።

ከዚያ ኩባንያው ባለቤት ቀየረ። መሥራቾቹ ሄዱ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀባ፣ ስሙም ተለወጠ። ጥሪያችንን ሁሉ የሚያዳምጥና ነጥብ የሚሰጥ ሶፍትዌር ተጫነብን። ጥሪው ከረዘመ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ከአንድ ሰላምታ በላይ ያለው ሁሉ የባከነ ጊዜ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ቁልፍ ተጭነን እናስፈቅዳለን። ልጆቹ «አማት» ብለው ስም አወጡለት፤ ሁሉን ይሰማል፣ ምንም አያስደስተውም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ምሳው ነው። ስልኩ ያለ ሰው እንዳይቀር ተብሎ በየተራ፣ አንድ በአንድ እንድንበላ ተደረገ። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው ግድግዳ ፊት ተቀምጦ ሲጎርስ ማየት ያሳዝናል። ጨዋታው ጠፋ። ሰው እንደ ደረሰ ማዳመጫውን ራሱ ላይ ያደርጋል፣ ሲመሽ አውልቆ ይሄዳል። መልቀቂያ ያስገቡም ነበሩ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አዲስ አበባ ተቀምጦ በስክሪን ሰበሰበን። ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ትሑት ይመስላል። «እንዴት ናችሁ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ሥራውስ እንዴት ይዟችኋል?»

«ጥሩ ነው!»

በማግስቱ የወልቂጤ ሠራተኞች ደስተኞች መሆናቸውን የሚገልጽ ምስጋና ደረሰን። ከምስጋናው ጋር የሻይ ዕረፍታችን አጠረ፤ እንዲህ ደስተኛ ሰው ዕረፍት ምን ያደርግለታል! እኔ ጨስኩ። «አሁን ኮሪደር ላይ ስትረግሙት አልነበር? ምን ነካችሁ?» አልኩ።

«ባክሽ ተይን» አለኝ አንዱ ልጅ። «ሰውዬው እኮ ሰላም አለን። ሰላም ላለ ሰው ችግር ይራገፍበታል እንዴ? ይደብራል።»

እትዬ ግን አልተለወጠችም። ቀዩ መብራት እየበራባት ልጆቹን፣ ከብቱን፣ እንሰቱን ትጠይቃለች። አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ደገመ፣ ከዚያ የመጨረሻው ነው ተባለ። «ተይ እንጂ እትዬ፣ ልጆችሽ ምን ይብሉ?» ብዬ ተቆጣኋት። «እሞክራለሁ» አለች። ሞከረችም፤ ግማሽ ቀን ያህል። ከሰዓት በኋላ የጉንችሬ አንድ ሽማግሌ ደወሉና ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰው በስልክ አላሰናብትም፣ ፊት ለፊት እነግራለሁ የሚል ነው አሉ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። እትዬን መስታወት ወዳለው ክፍል ጠራት። በሩን አልዘጋውም፣ እኔም ወንበሬ በሩ አጠገብ ነው።

«እንዴት ነሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ።»

«መንገዱስ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው።»

«ቤተሰብ? ልጆች?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።» ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ወደ ነገሩ ሊገባ ነው።

«እናት አባትስ፣ አሉ?»

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «አባቴ አለ» አለ።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው።»

እትዬ ወንበሯን ትንሽ አስጠጋች። «ወንድሜ» አለች፣ እርስዎ ማለቷን ትታ፣ «አንተ ራስህ ግን ደህና ነህ?»

ያ ሰው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አየነው። ቢሮው ውስጥ ስልክ ይጮኻል፣ የሚያነሳ ጠፋ። አባቱ አገና ናቸው፤ ታመው አልጋ ከያዙ ከርመዋል። እሱ ደግሞ አዲሱን ሥራ ከያዘ ወዲህ አላያቸውም። «ባለቤቶቹ በእኔም ላይ ይቆጥራሉ» አላት። «ስብሰባዬን፣ መልእክቴን፣ የገባሁበትን የወጣሁበትን ሁሉ። የኩባንያው መኪና ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመልሰኛል።» አማት የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«አገና? እዚህ ጎረቤት?» አለች እትዬ ተነሥታ። «በል ተነስ። ሌላው ይደርሳል።»

መናኸሪያ ድረስ ራሷ ወሰደችው። አንዱ ልጅ አገና የሚሄድ ሚኒባስ ላይ የፊት ወንበር ያዘለት። እትዬ ተመልሳ ማዳመጫዋን አደረገች፤ «አላህ ያሽርለት» ብቻ አለች። የመጣበትን ሳይነግራት ነው የሄደው።

ከቀናት በኋላ በስክሪን ሰበሰበን። «እንዴት ናችሁ?» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

በዚህ አላበቃም። «ሥራውስ?»

«ጥሩ ነው።» ድምፃችን ቀነሰ።

«ምሳችሁን እንዴት ነው የምትበሉት?» አለና ቀጠለ። «ወገባችሁስ ወንበሩን ቻለው? ቤት ስትገቡ ለልጆቻችሁ ድምፅ ይተርፋችኋል?» እየጠበቀ ጠየቀ። በመጨረሻ ያ ይደብራል ያለኝ ልጅ ብድግ አለ። «እውነቱን ልንገርህ? ግድግዳ እያየሁ ነው የምበላው። ምግቡ አይወርድልኝም» አለ። ቀጥሎ አንዲት እርጉዝ ልጅ «ሽንት ቤት ለመሄድ ማሽን ማስፈቀድ ያሳፍረኛል» ብላ አለቀሰች። ከዚያማ ማን ያቁመው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ የከረመ ሰው ሁሉ ተናገረ። እኔ በርበሬዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ጠፋኝ፤ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማቸው።

ሁሉን እለውጣለሁ አላለም። ምሳችሁን ከነገ ጀምሮ አብራችሁ ብሉ፣ የሰላምታ ጊዜም አይቆጠርም፣ ከላይ ጥያቄ ከመጣ መልሱን እኔ እሰጣለሁ አለ። ከዚያ እትዬን በስክሪኑ ላይ በዓይኑ ፈለጋት። «ያን ቀን የመጣሁት ለሌላ ነገር ነበር…»

«ልታባርረኝ» አለችው።

«አውቀሽ ነበር?»

«ገና ስትገባ ከፊትህ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ…» አለ።

«ልታባርረኝ ብትመጣስ ወንድሜ፣ እንግዳ አይደለህ? መንገድ መጥተሃል፣ ፊትህ ገርጥቷል። ደህንነትህን ሳልጠይቅ ልሰናበትህ?»

ይህን ያለችው ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን፣ ያ ደመወዝ የልጆቼ እራት ሆኖ፣ ያን ሰው ምን እለው እንደነበር አውቀዋለሁ። ስለዚህ ነው ዛሬም ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ስቀመጥ ሽማግሌ ፊት እንዳለ ሰው ልብሴን የማስተካክለው።