አባዬና የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች

ልጄ ናኦድ ከክረምት ሥራው ባጠራቀመው ደመወዝ፣ "ማሚ፣ በርዝዴይሽን እኔ ነኝ የምጋብዝሽ" ብሎ እኔንና እናቴን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳውንታውን ወዳለ የፈረንሳይ ምግብ ቤት የወሰደን ባለፈው እሑድ ነው። ከኮርነርስቶን ሰፈር ተነስተን እኔ ስነዳ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ከስልኩ ላይ ሪቪዩ ያነብልኝ ነበር፤ ፎር ፖይንት ሰቨን ነው፣ ሰርቪሱ አሪፍ ነው፣ ፖርሽኑ ትንሽ ቢሆንም ወርዝ ኢት ነው ይላሉ እያለ። እናቴ ከኋላ ሆና፣ እነማን ናቸው የሚሉት፣ ዘመዶችህ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይ እማማ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ቢላት፣ የማታውቀውን ሰው አፍ አምነህ ነው እንዴ አሮጊት ይዘህ የምትዞረው ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

የምግብ ቤቱን በር ስንከፍተው የሽንኩርት ሾርባ ሽታ ተቀበለን። በዝግታ የተቁላላ ሽንኩርት፣ ከላዩ አረር ያለ አይብ፣ ከሥሩ የራሰ ዳቦ፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ እግሬ ደጃፉ ላይ ቆመ። አባዬ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል፤ እንደዚያ ያለ ቤት ከረገጥኩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል። ናኦድ ምን ሆንሽ ሲለኝ ምንም አልሆንኩም አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

አባዬ በካልጋሪ ከተማ የፈረንሳይ ምግብ ቤት መዛኝ ነበር። ሹመቱን የሰጠው ማንም የለም፤ ራሱን በራሱ የሾመ ነው። የዘወትር ሥራው ኤርፖርት ጽዳት፣ በኋላም እዚያው መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር መግፋት ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ግን ለገሐር ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ አባቱም ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ያገለገለ ሰው ስለነበር፣ አባዬ ፈረንሳይኛን የተማረው ከደብተር ሳይሆን ከአባቱ አፍ ነው። ካናዳ ፈረንሳይኛ ይናገራል ሲባል ሰማና ፎርሙ ላይ ቋንቋ በሚለው ቦታ በኩራት ፈረንሳይኛ ብሎ ሞላ፤ ከዚያ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርባት ሞንትሪያል ይልኩኛል ብሎ ሲጠብቅ የደረሰው ካልጋሪ ሆነ። ያኔ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚህ ከተማ መጀመሪያ ያገኘው ፈረንሳይኛ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ የተጻፈው ነው፣ አንድም ሰው ሲናገረው አልሰማም ነበር።

ታዲያ እሱ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ቤዝመንት ውስጥ፣ መስኮቷ ከበረዶው እኩል በሆነች ኩሽና፣ ጠዋት ጠዋት ካርቶኑን መሀላችን አቁሞ አንድ መስመር እሱ ያነባል፣ አንድ መስመር እኔ እቀጥላለሁ። ስኳሩ ስንት ነው፣ ብረቱ ስንት ነው፣ አንዱ ካርቶን ስንት ሰው ያበላል፤ በሰባት ዓመቴ በፈረንሳይኛ ስሙን የማልጠራው ቫይታሚን አልነበረም። ካርቶኑ ሲያልቅብን በራሱ ጥያቄ ይቀጥላል፤ እኔም አፌ ወተት ሞልቶ እመልስለታለሁ፣ እሱም ትከሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል። እናቴ ከኛ ወሬ አንድ ቃል ስለማይገባት፣ ሁለት ወፎች ይዤ ነው የምኖረው እያለች ትስቅብን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የምወደው ሰዓት አልነበረኝም፣ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን አፈርኩ። ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ስናገር አስተማሪያችን ሳቅ ብላ፣ አንቺ እኮ እንደ ድሮ ዘመን ሽማግሌ ነው የምትናገሪው አለችኝ። ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም፤ ክፍሉ ግን በሳቅ ፈረሰ፣ ዓመቱን ሙሉም ስሜ ሽማግሌው ሆኖ ከረመ። በማግሥቱ አባዬ ካርቶኑን ወደ እኔ ሲያዞረው በእንግሊዝኛ አልፈልግም አልኩት። አልተቆጣም፣ አላስገደደኝም። ካርቶኑን አንስቶ ቁም ሳጥኑ ላይ መለሰው። የፈረንሳይ ምግብ ቤት መዞር የጀመርነው ያን ሰሞን ነው።

አይ ያ ዙረት! መጀመሪያ ነገር አባዬ ያለ ኩፖን ከቤት አይወጣም፤ ከጋዜጣ ላይ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ወር ሙሉ ይዞት ይዞራል። ኩፖኑ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፣ ማክሰኞ የእማዬ ሺፍት ነው፤ ስለዚህ ኑሯችን ሁሉ በሰኞና በሐሙስ ላይ ተንጠለጠለ። የፓርኪንግ ክፍያ የምግቡ ዋጋ ላይ ይደመራል የሚል ሕግ ስለነበረው፣ መኪናዋን በነጻ የሚቆምበት ድረስ ወስዶ ያቆምና በዚያ ብርድ ስምንት ብሎክ ያስኬደናል፤ እሱ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ እማዬ በታኮ ጫማ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች፣ እኔ ከሁለቱም እሩቅ ሆኜ የማላውቃቸው መስዬ። ስንደርስ አፍንጫችን ቀልቶ፣ እማዬ ለመንገዱ ብቻ ካሳ የሚገባት ትመስል ነበር።

እማዬ የምትመዝነው በሆዷ ነው። ሳህኑ እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ መሀሉ ላይ የተቀመጠው ምግብ ግን እፍኝ የማይሞላ ሲሆን፣ ይህ ለቅምሻ ነው ወይስ ለእራት ብለሽ አስተናጋጁን ጠይቂልኝ ትለኛለች። የሽንኩርት ሾርባውን መጀመሪያ ስትቀምሰው ማንኪያውን አስቀምጣ፣ እነዚህ ሰዎች ቁሌት ጀምረው በርበሬው አልቆባቸው ነው እንጂ ይኼ ምግብ አይደለም አለች። ቀንድ አውጣ ሜኑው ላይ እንዳለ ስነግራት አማተበች። ከሁሉ የባሰው የዳቦው ነገር ነው፤ አስተናጋጁ ሌላ ዳቦ ልጨምር ሲላት እንደ ወጉ አይ በቃኝ አለችው፤ አንድ ጨዋ ሰው ሲጋበዝ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አይሆንም ለመግደርደር ነው፣ እውነተኛው መልስ የሚመጣው በሞቴ ሲባል ነው። ሰውዬው እሺ ብሎ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ። እማዬ ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

አባዬ ግን ዳቦም፣ ሳህንም፣ ቀንድ አውጣም ግድ አልነበረውም። እሱ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። አስተናጋጁ ሲመጣ ከረባቱን ነካ ያደርግና በዚያ በለገሐር ፈረንሳይኛው ሰላምታ ሰጥቶ ያዝዛል፤ ከዚያ መልስ ይጠብቃል። የካልጋሪ አስተናጋጅ ደግሞ ከሜኑው ስም ሌላ የሚያውቀው ፈረንሳይኛ የለውም፤ ፈገግ ብሎ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አባዬም ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞር ይላል፣ እኔም ሜኑው ውስጥ ጭንቅላቴን እቀብራለሁ።

ፍርዱ የሚሰጠው መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ስንጠብቅ ነው። ወይ ዋጋውን ያወጣል ይላል፣ ወይ ዘረፋ ነው ይላል፤ ይግባኝ የለም። አንድ ቤት የበግ ሥጋው አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ ሆኖ ሳለ ዘረፋ ነው ብሎ ፈረደ፤ እማዬ እንኳ የጠገበችበት ብቸኛው ቤት እሱ ስለነበር ተጣሉ። ሌላ ቤት ደግሞ ሥጋው የጫማ ሶል ሆኖ እማዬ መንጋጋዬን አለች፤ አስተናጋጁ ግን ከኩቤክ ለትምህርት የመጣ ቀልደኛ ልጅ ነበርና ከአባዬ ጋር ሲጫወቱ አመሹ፤ እኔንም ስላሳቀኝ ሳላስበው በፈረንሳይኛ ሁለት ሦስት ቃል መለስኩለት። አባዬ ያን ዕለት ዋጋውን ያወጣል፣ እንዲያውም ያንሳል ብሎ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቲፕ ጥሎ ወጣ። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ምስኪን አባቴ፣ የሚያናግረው ሰው ናፍቆት አስተናጋጅ ይገዛል አልኩ። አንጀቴን በላኝ፤ ግን አንጀትን ከመብላት አልፌ አፌን አልከፈትኩለትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ወደ ከተማው እጅግ ውድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ወሰደን። ያለ ኩፖን ነበር፣ ፓርኪንግም ከፍሏል፤ ከዚህ በላይ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ከሰዓት በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ የሚናገረውን ሲለማመድ በግድግዳው ሰምቼዋለሁ። ቤቱ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የሚያበራ ብርጭቆ፣ ዝግ ያለ ወሬ ያለበት ቤት ነበር። ከጀርባችን የክፍሌ ልጅ ከእናት አባቷ ጋር ተቀምጣለች፤ እሷን ካየሁ ጀምሮ ምን እንደበላሁ እንኳ አላስታውስም። አባዬ ከረባቱን ነክቶ የተለማመደውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረ። አስተናጋጁ በትሕትና አዳምጦ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በእንግሊዝኛ እንዲደግምለት ለመነው።

አባዬ አልደገመም። ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ በፈረንሳይኛ፣ "ልጄ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፤ ለሁላችንም አንቺ እዘዢልን" አለኝ።

እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። በፈረንሳይኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ፈተና ላይ እጄ የማያልብ፣ ጽሑፍ ላይ የማልሳሳት ልጅ ነበርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ የክፍሌ ልጅ ጆሮዋ ወደኛ ያጋደለ መሰለኝ። አስተናጋጁን ቀና ብዬ አይቼ በእንግሊዝኛ ሦስት ዶሮ አልኩት።

አባዬ ኩም አለ። ዶሮውን ግን እስከ መጨረሻው በላ፣ አመሰገነ፣ ቲፕም ሰጠ፣ እኔንም ግንባሬን ሳመኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ፍርዱን ጠበቅን። ሰኔ ስለነበር ሞተሩ መሞቅ አያስፈልገውም፤ እሱ ግን ቁልፉን ይዞ ትንሽ ተቀመጠና፣ አንድም ቃል ሳይናገር አስነስቶ ነዳ። ከዚያ ወዲያ የፈረንሳይ ምግብ ቤት የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። እኔም ጉዳዩን አላነሳሁም፣ እሱም አላነሳም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ሠላሳ ዓመት ውስጤ ነቅዟል። አባዬ ዊልቸሩን ሲገፋ ኖረ፣ ጡረታ ወጣ፣ ናኦድን በአማርኛ ተረት እየነገረ አሳደገልኝ፣ ከዚያ አረፈ።

እሑድ ዕለት እንግዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ተቀምጬ ሳለ አስተናጋጁ መጣ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ወጣት ነው፤ አጠገባችን ካሉት ሰዎች ጋር ሙሉ ፈረንሳይኛ ሲያወራ ቆይቷል። ዛሬ ካልጋሪ እንደዚህ ሆናለች። እማዬ በክንዷ ጎሸም አደረገችኝና፣ እዘዢለት እንጂ በሱ ቋንቋ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወጣልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ መሀሉ ጠፋብኝ። ፈለግሁት፣ የለም። ሠላሳ ዓመት ያልተነካ ነገር የት ይጠብቀኛል? ልጁ ደግ ስለነበር ቃሌን ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ጨረሰልኝ።

ናኦድ ዓይኑን አፍጥጦ፣ "ማሚ፣ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ እንዴ?" አለኝ። እችል ነበር አልኩት። አያትህ አስተምሮኝ ነበር፤ ምስኪን የሚያናግረው ሰው አጥቶ በየምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ሲለማመጥ ኖረ ብዬ ነገሩን በሳቅ ላሳልፈው ስሞክር፣ እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች።

"የምን አስተናጋጅ?" አለች። "አባትሽ ለወሬማ ኤርፖርት ነበረው። ከሞንትሪያል የሚመጡትን አሮጊቶች እየገፋ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ነበር የሚውለው፤ ከረሜላ ሁሉ ይሰጡት ነበር። ምግብ ቤት የሚወስደን ላንቺ ብሎ ነው። እዚያ ቤት ፈረንሳይኛ ክብር አለው፣ እዚያ ብትናገር አታፍርም ይለኝ ነበር። ያ ሥጋው ሶል የሆነው ቤት ዋጋውን ያወጣል ያለው ለምን ይመስልሻል? አንቺ አፍሽን ስለከፈትሽ እኮ ነው።"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከአባቱ የወረሰው እሱን ብቻ ነው፣ ቤት የለው፣ መሬት የለው፣ ላንቺም ሌላ የሚያወርስሽ አልነበረውም አለችኝ። ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ ቆየሽ ብላት፣ አደራ አትንገሪያት፣ ልጅቷ ይከፋታል ብሎኝ ነው አለች። ሾርባዬ ፊቴ ቀዘቀዘ። ናኦድ እጄን ያዘኝ፤ ምን እንደሆንኩ ባይገባውም ያዘኝ።

ልጄ እናቱ ፈረንሳይኛ እንደምታውቅ የሰማው በሃያ ዓመቱ፣ ቋንቋው ከአፌ ካለቀ በኋላ ነው። ቅድመ አያቱ ለአያቱ የሰጠው፣ አያቱ ባሕር አሻግሮ ያመጣው ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የተጠየቅሁት ደግሞ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጬ ለአባቴ እራት ማዘዝ ነበር። አባዬ በየምግብ ቤቱ ሙሉ ዋጋውን ከነቲፑ ከፍሎ ወጥቷል፤ የከፈለበትን ሳልሰጠው የቀረሁት እኔ ነኝ።