ግማሽ ላይ የቆመው ቀይ መስመር

ዛሬ ሳሎኔን የሚቀባልኝ ሰውዬ የድሮውን ቀለም ሲፍቅ ድንገት ቆመና «እትዬ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለኝ።

ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ጭቃ፣ ጭቃው ላይ በጣት የተሳለ የቀይ አፈር መስመር። ከበሩ ይነሣና ግድግዳው መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

«የሳለችው ሴትዮ ሰነፍ ነበረች መሰለኝ» ብሎ ሳቀ።

ቤቱ የአያቴ ነበር። ዘጠና ያለፋቸው አክስቴ ከመደቡ ላይ ሆነው «ዝም በል አንተ! እናቴ ናት» አሉት።

በጥሊያን ጊዜ ነው አሉን። ቀዩን አፈር ከወንዝ ዳር የሚያመጣላት አባታቸው ነበር። መስመሩ ግማሽ ሲደርስ ዱር ገባ። እሷም «ሲመለስ እጨርሰዋለሁ» ብላ ተወችው። በየዓመቱ ለፋሲካ ቤቱን ስትለስን ይቺን ብቻ አትነካም። ሰማያዊ የቀባበት የአክስቴ ወንድም፣ የእኔ አባት ነው፣ እሷ ካረፈች በኋላ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ጥሊያን ወጣ። እሱ አልመጣም» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል፤ እንባ ግን አልመጣልኝም። ያሰብኩት ለሳሎኑ ስለገዛሁት ክሬም ቀለም ነው። እሑድ ለልጄ ሽማግሌ ይመጣል።

«ልቀባው?» አለኝ ሰውዬው።

«ይቅባው ልጄ፣ እንግዳ አለብሽ» አሉ አክስቴ። ዓይናቸውን ግን ከግድግዳው አላነሡም።

ሦስቱን ግድግዳ ቀባ። አራተኛውን ተወው አልኩት።

«እርስዎም እንደ አያትዎ ግማሽ ላይ አቆሙ?» ብሎኝ ወጣ።

እሑድ ሽማግሎቹ ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ምን እንደምላቸው እንጃ።

እናንተስ ቤት ቀለም ሲፋቅ ምን ወጣ? ቀባችሁበት ወይስ ተዋችሁት?