ታጣፊ ወንበር ይዤ የሌስተር ልቅሶ ሄድኩ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ። ይህችንም ራሴ ነኝ በአንድ ጣት የምጽፋት... ልጄ «አባዬ፣ ላርምልህ» ብላኝ እምቢ ብያለሁ። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ሰሞኑን ሌስተር ሞተ።

ሌስተር እኔ ወንበር በማጸዳበት የበረዶ ሆኪ አዳራሽ በማይክ የሚለፍፈው ሰውዬ ነው። ጎል ሲገባ ያገባውን ልጅ ስም የሚጠራው እሱ ነበር። አሰልጣኝ ተቀየረ፣ ተጫዋች ተቀየረ፣ እሱ አልተቀየረም። ድምፁ ከጣሪያው የሚወርድ ነው የሚመስለው። ኮቪድ መጥቶ ሰው እንዳይገባ ሲከለከል እንኳ ከረባቱን አስሮ ለባዶ ወንበር ይለፍፍ ነበር።

ከጨዋታ በፊት ማይኩን ሲሞክር «ዋን፣ ቱ» አይልም። «ሚስተር ደምሴ፣ ዛሬ ወንበሮቹ እንዴት ናቸው?» ይላል። እኔ መጥረጊያዬን ከፍ አደርግለታለሁ። ያ ሁሉ አዳራሽ ስሜን ያስተጋባል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ፣ የእርስዎማ ስም ከተጫዋች እኩል ተጠራ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ተጠርቷላ።

ኮቪድ ሳይመጣ፣ ሚስቴ ያረፈች ጊዜ ደግሞ... ሌስተር ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። አማርኛ አያውቅ፣ ሰው አያውቅ። የአገሬ ሰው ጠዋት ብቅ ብሎ ወደ ሺፍቱ ሲሮጥ እሱ አጠገቤ ቁጭ። ይህን ያላወራሁለት ሰው የለም። «እኔ ጋ ሦስት ቀን ልቅሶ የተቀመጠ ፈረንጅ አለ» እላለሁ።

አሁን የእሱ ተራ ሲደርስ ልጄ ምን አለችኝ? «አባዬ፣ ቤተሰቡ በኮቪድ ምክንያት ሰው አንቀበልም ብሏል። በዙም ነው፤ እኔ አስገባሃለሁ።»

«እሱ እናትሽን በዙም ነው እንዴ ያለቀሰልኝ?»

«እንዳትሄድ ግን።»

ማስኬን አደረግኩ፣ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፣ ታጣፊ ወንበር መኪናው ውስጥ ጣልኩና ሌስተር ወደሚኖርበት ቦልደር ሲቲ ነዳሁ። አንዴ መኪናው ተበላሽቶበት ስላደረስኩት ቤቱን አውቀዋለሁ። ልቅሶ ደግሞ ማልዶ ነው የሚደረሰው።

ደጁ ላይ፣ ከበሩ ራቅ አድርጌ ወንበሬን ዘረጋሁና ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ሚስቱ ሊንዳ በቤት ልብሷ ወጣች። አላወቀችኝም።

«ምን ልርዳዎት?»

«ምንም። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሦስት ቀን።»

ስልኳን ከኪሷ አወጣች... ፖሊስ ልትጠራ መሆኑ ገባኝ። አልተነሳሁም።

«ደምሴ ነኝ፣ የአዳራሹ። ሚስቴ ስትሞት ሌስተር ሦስት ቀን ተቀምጦልኛል። ብድሬን ልመልስ ነው።»

እንግሊዝኛዬ እንደነገሩ ነው፣ ግን ገባት። ስልኳን መለሰች። ከዚያ... ሳቀች። ባሏ የሞተባት ሴት ስትስቅ ሳይ ደነገጥኩ።

«አንተ ነህ እንዴ? እሱ እኮ የመጣው ለአሥር ደቂቃ ነበር። በተነሳ ቁጥር አንዷ ሴት ትከሻውን ይዛ ታስቀምጠውና ሳህን ታስጨብጠዋለች። እንዴት እንደሚወጣ ግራ ገብቶት ነው እስከ ማታ የዋለው።»

ስንት ጊዜ የኮራሁበት ነገር... ለካ ሰውዬው መውጫ አጥቶ ነው። ወንበሬን አጥፌ ልሄድ ቃጣኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«የመጀመሪያው ቀንስ ይሁን። በማግስቱ ማን አስገደደው?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለች። «ጫማውን እያሰረ፣ ‹ትናንት እጄን ልታጠብ ስነሳ ሚስተር ደምሴ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ወንበሬን በእጁ ይዞልኝ ነበር። ዛሬም ይይዝልኛል። ባዶ ሆኖ ይዋል?› አለኝ።»

እውነቷን ነው፣ ይዤለት ነበር። ረስቼው ኖሯል።

ሊንዳ ገብታ የራሷን ወንበር ይዛ ወጣች። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ላይ ብድግ ስል «ቁጭ በል» ብላ ሳንድዊች በሳህን ሰጠችኝ።

ሦስቱንም ቀን ተመላለስኩ። ልጄም ሦስቱንም ቀን ተቆጣችኝ። በመጨረሻው ቀን ከመሄዴ በፊት መሀል መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ እሱ ጎል ያገባን ልጅ እንደሚጠራው አድርጌ የሌስተርን ስም ጠራሁ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሊንዳ እጇን ከፍ አደረገችልኝ።

ገና ያልከፈልኩት አለብኝ። ኢንስፒራዳ ሰፈር ያለው ጓደኛዬ ከበደ ሚስቱ ስታርፍ በስልክ ብቻ ነው ያጽናናሁት። አብራኝ የምታጸዳው ሮዛ ወንድሟን ቀብራለች፣ እሷም ጋ አልሄድኩም። ይህን ብድር ደግሞ ማንም አይከፍልልኝም... ወንበሩን ከመኪናው አላወረድኩትም።