አብዱ በሰልፍ መቆም የተማረበት ቀን

የቸኮለ ሰው ዛሬ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ የአብዱን ሚኒባስ አይሳፈርም። «እሱማ በቅሎ ነው የሚነዳው» ይላሉ ተሳፋሪዎቹ። ከፊቱ ገብስ የጫነ አሮጌ መኪና ካለ፣ ነፋስ መውጫ እስኪገባ ከኋላው ሲያዘግም ይውላል። ደላሎቹም መካን ሳያያት «ሐጂ» እያሉ ያሾፉበታል። አብዱ አይመልስላቸውም። ድሮ እንዲህ አልነበረማ!

ድሮ አብዱ ማለት ደርቦ የሚያልፍ ማለት ነበር። መኪና ተሰልፎ ሲያገኝ ከኋላ መቆም ነውር ይመስለዋል። መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ ከወዲያ የሚመጣውን መስመር ይዞ፣ የተሰለፈውን ሁሉ በግራ እያለፈ ወደ ፊት ይፈተለካል። ከፊት ሲደርስ ጥሩንባውን አንባርቆ መሐል ይሰነቀራል። ሾፌሮቹ እናቱን ይሰድባሉ፣ የእሱ ተሳፋሪዎች ያጨበጭባሉ። ይህ ማጨብጨብ የሚሉት ነገር ነው ስንቱን ያበላሸው! ሲያጨበጭቡለት እሱም ጎበዝ የሆነ መሰለው።

ይህን ሰው ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ረሂማ ናት። ወላጆቻቸው ቀድመው ሞቱና፣ እሷ በገበያው ጠርዝ በሲንጀር መኪና ቀሚስ እየሰፋች አበላችው፣ አስተማረችው፤ ትምህርቱ እምቢ ሲለው ደግሞ መንጃ ፈቃድ አስወጣችው። አግብታ ነበር። ባሏ ሞተባት፣ አላህ ልጅም አልሰጣትም፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንድ አላሰበችም። ዓይን አፋርነቷ ለጉድ ነው። ወንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ልኩን ከሩቅ በዓይኗ ገምታ ነው የምትወስደው፤ ደግሞም አትስትም።

በእነሱ ወግ ሴት ስትሞት ወደ መቃብር የሚያወርዳት የቅርብ ወንድ ዘመዷ፣ መህረም የሚሉት ነው፤ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ። ረሂማ ይህን ስታስብ ኖራ፣ ታማ ሕመሙ ሲጠናባት አብዱን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አብዱዬ፣ የወለድኩት የለኝ። የምታወርደኝ አንተ ነህ። የባዳ እጅ እንዳታስነካኝ፣ አደራ።»

«ኧረ አንቺ ነሽ እኔን የምታስቀብሪኝ!» ብሎ አሾፈ። በሆዱ ግን ማለ።

ከአብዱ ሌላ መህረም የሚሆናት አንድ ነጂብ ብቻ ነበር፣ የአንበሳሜው ነጋዴ። በተወለደ ሰሞን እናቱ ታማ ወተቷ ሲደርቅ የረሂማ እናት ናት ያጠባችው። የጡት ወንድም ደግሞ በሃይማኖታቸው እንደ ሥጋ ወንድም ይቆጠራል።

አምና፣ መንገዱ ለቀናት ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተበት ቀን፣ ረሂማ ማለዳ ላይ አረፈች። አብዱ መንገዱ ተዘግቶበት ነፋስ መውጫ ነበር። ጎረቤቷ ባለሱቁ ቢላል በስልክ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» ብሎ ሲጀምር፣ ስሟን ሳይጠራ ገባውና መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ መኪናውን አስነሣ። መንገድ የተዘጋበት ሰው መናኸሪያውን ሞልቶት ነበርና፣ እንባውን እያየ እንኳ «እባክህ ጫነን» የሚለው በዛ፤ ጫናቸው።

የተዘጋ መንገድ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ተጠራቅሞ የከረመው መኪና ሁሉ በአንድ ቀን ካላለፍኩ ይላል። አብዱ ገሳይን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ሰልፉን አገኘው፤ ጫፉ አይታይም። ከፊት፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ የመንገዱን ግማሽ ይዟል። በቀረው ግማሽ ከወዲህና ከወዲያ ተራ በተራ ይተላለፋሉ፤ ይዘገያል እንጂ ያሳልፋል። ሽንኩርት የጫነው መኪና ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይሸታል። ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ በሽተኛ በሰው ጭን ተኝቶ ያቃስታል። ለፈተና የሚሄዱ ተማሪዎች ወርደው በእግር ለመሄድ ይማከራሉ። የገሳይ ሰው ደግሞ ቅቅል ድንችና ውሃ ይዞ በየመስኮቱ ይዞራል፤ ውሃው ከጠዋት ወዲህ ተወዷል።

ስልኩ ጠራ። ቢላል ነው።

«አብዱ፣ የቀትሩን ዙሁር ሰግደን፣ የጀናዛውንም ሰላት ጨርሰን መቃብሯ ዳር ነን። ነጂብ ከአንበሳሜ ደርሷል፤ እኔ ላውርዳት ይላል። አንተ የት ነህ?»

«ጋፋት ደርሻለሁ! ወንድሟ እያለሁ ማንም እንዳይነካት። ጠብቁኝ!»

ጋፋት እኮ ደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ነው! እሱ ገና ከገሳይ አልራቀም። ግን መዋሸቱ አልታወቀውም። በአገራችን «ደርሻለሁ» ውሸት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው ቤቱ ፊቱን እየታጠበ «ደርሻለሁ» ይላል፣ የሚጠብቀውም አይቀየምም። አብዱ ደግሞ በልቡ፣ ደርቤ ስወጣ እደርስ የለ ብሏል። ካፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ያን ሰዓት አላሰበም።

ከጎኑ የተቀመጡ አንድ መሪጌታ መሪውን ሊጠመዝዝ ሲል አዩት።

«ልጄ፣ ኀዘንህ ገብቶኛል። ግን በሰልፍህ ቁም፤ ያሳልፋል» አሉት።

«አንቱ ለዜማው፣ እኔ ለመሪው!» ብሎ ወደ ግራ ወጣ።

እሱ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይሾልክ ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ሲደርብ ሌላው ቁጭ ብሎ አያይም። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብሎ አንዱ ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ኋላ መዓት ሆነ። ተራው የነበረው የወዲያኛው ሰልፍ ደግሞ እየመጣ ነው። ክፍት በነበረችው ግማሽ መንገድ ላይ አብዱ ከአንድ አይሱዙ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጠ። በቀኙ ተሳቢው፣ በግራው ገደል፣ ከኋላው እሱን ተማምኖ የመጣ መኪና ሁሉ። እስከዚያች ሰዓት ቀስ እያለም ቢሆን ይሄድ የነበረው መንገድ ድፍን አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን መልቀሚያም አጣ።

የአይሱዙው ሾፌር በላይነህ ወርዶ በሩን ያዘው። «አንተ ነህ የደፈንከው! መንገዱ ሳይከፈት ከዚህ ንቅንቅ አትላትም!»

አብዱ ሊለምነው አፉን ከፈተ። ምን ይበል? እህቴ ሞታብኛለች እንዳይል፣ ያ በሽተኛ ከኋላ ሲያቃስት ይሰማዋል፣ አስታማሚዎቹም የሚረግሙት እሱን ነው። አፈረ። አፍሮም ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ፤ ቢላል ደጋግሞ ሲደውል እንኳ አላነሣም፤ ጋፋት ነኝ ያለ ሰው ምን ብሎ ያንሣ? ሾፌሮቹ አንዱ ሌላውን ወደ ኋላ በል ሲሉ፣ ሲጯጯኹ፣ ሲተናነቁ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

በመጨረሻ ወርደው ለበላይነህ የነገሩለት መሪጌታው ናቸው። በላይነህ ሲሰማ ቁጣው በረደ። «ታዲያ ምነው አትናገርም፣ ወንድሜ? ቁልፉን ስጠኝና ሂድ። መኪናህን እኔ አወጣልሃለሁ» አለው።

አብዱ በመኪኖቹ መሐል ሮጠ። ሰልፉ ካለቀበት ቦታ አንድ ባለሞተር ለምኖ ከኋላው ተፈናጠጠ። ደብረ ታቦር ሲገባ የአስር ሰላት አልፏል።

መቃብሩ ላይ የተከመረው አፈር ገና እርጥብ ነው። ሰው ተበትኗል፤ ቢላል ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

«ማን አወረዳት?» አለ አብዱ።

«እኔና ቆፋሪዎቹ። ኩታ ከላይ አስወጥረን፣ ዓይናችንን ሰብረን። ሸኹ ጀናዛ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ፤ ምን እናድርግ?»

«ነጂብስ? ነጂብ አልነበረም?»

ቢላል አቀርቅሮ፣ «ጋፋት ነኝ ስትል 'እንግዲያው የሥጋ ወንድሟ ከደረሰ ወጉ የእሱ ነው' ብሎ ትቶልህ ሄደ። ሚስቱ ታማበታለች፣ ያመጣችው መኪናም ልትመለስ ነበር። እኛ ረሂማን ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አስጠግተን ጠበቅንህ። እንዴት አድርገን ጠበቅንህ፣ አብዱ!» አለው።

አብዱ ያን ጊዜ ነው አንጀቱ የተቆረጠው። እውነቱን ቢናገር ኖሮ ረሂማ በቀትር በጡት ወንድሟ በነጂብ እጅ ትወርድ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከወንድ እጅ የሸሸች ሴት፣ አደራ ብላ ለምናው፣ በባዳ እጅ ወረደች። ይህን ያደረገው መንገዱ አልነበረም፤ የገዛ አፉ ነው። አፈሩ ላይ ተደፍቶ «ረሂማዬ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለ አለቀሰ፤ ቢላልም አላነሣውም።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ነጂብ ከአንበሳሜ ደወለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አብዱ! እንኳን በአንተ እጅ ሆነ። ይህን ነበር የምትመኘው» አለው።

መዋሸት ይችል ነበር። ቢላልም አያጋልጠውም።

«አልደረስኩም፣ ነጂብ። ያወረዳት ባዳ ነው» አለ።

አብዱ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። መልሶ ሲያስጠጋው ነጂብ ሳይቆጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እኔ እኮ መቃብሯ ልወርድ ጫማዬን አውልቄ ነበር» አለው።