ወንድሜ ለዝናብ የቆፈረው

ወንድሜ የሞተ ዕለት የዕድራችን ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። እኔ አስከሬኑን ለመቀበል ከአጎቴ ጋር ሆስፒታል ነበርኩ። አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ጫኖ ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው። ከኋላ ሙዝ ነው፣ ከጎን የከብት ማሰሪያ፤ ሜዳ የሚባለው ከቤቱ ፊት ያለችው ቦታ ብቻ ናት። እዚያ ደግሞ ወንድሜ የቆፈረው የዝናብ ውኃ ማስረጊያ ነበር። ለቀስተኛ እንዳይገባበት ብለው አፈርና ድንጋይ ሞሉት፣ ረግጠው አስተካከሉት፣ ድንኳኑን በላዩ ተከሉ። በደግነት ነው ያደረጉት። ስመለስ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ልብ አላልኩም። ለቅሶው እስኪያበቃ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሰነበትኩት በማስረጊያው ላይ ነው። ይህን ሳስብ የሚሰማኝን ነገር ምን እንደምለው አላውቅም። ቁጣ አይደለም።

ማስረጊያ ብሎ የጠራው ራሱ ነው። ከአርባ ምንጭ ከተማ በላይ፣ ሐይቆቹ ቁልቁል በሚታዩበት አፋፍ ላይ ባለ ሎጅ አትክልተኛ ነበር። ቱሪስት እየበዛ ሲሄድ የሎጁ ጉድጓድ ውኃ እየራቀ ሄደ። የእንግዶቹ ሻወር፣ የሚታጠበው አንሶላ፣ ውኃ የሚያጠጡት ሣር፣ ሁሉም ከዚያው ነው። በኋላ ከየጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስበው፣ በድንጋይና በአሸዋ አጣርተው፣ ተመልሶ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ አደረጉ። ወንድሜ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲመጣ የእኛን ቆርቆሮ ቀና ብሎ ማየት አበዛ።

የእኛም የእጅ ጉድጓድ በየበጋው ይከዳን ነበር። ባልዲው ጭቃ ይዞ ይወጣል፤ እናቴም ጀሪካን ይዛ ከሩቅ ትቀዳለች። ወንድሜ በዕረፍት ቀኑ ቤቱ ፊት መቆፈር ሲጀምር ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ ሳቀበት።

«ፈረንጅ ሲያይ ውሎ ራሱ ዞረ! ሰው ይጠማል እንጂ መሬት ይጠማል?»

«በጋ ላይ እንነጋገር፣ ጋሼ።»

«በጋ ላይማ አንተኑ ከዚያ ውስጥ ነው የምናወጣህ።»

ሁላችንም ስቀን ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

በተከታዩ በጋ ጉድጓዱ አልደረቀም። ወንድሜ ማስረጊያው ነው አለ። ጎረቤታችን ደግሞ የአባያ ሐይቅ ሞልቶ ከታች እየገፋ ነው አለ። ማን ልክ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ መጠየቅ እችል ነበር፤ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትኩሳት ያዘው፣ ሆስፒታል ገባ፣ አልተመለሰም።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ እንደ ድሮው ውኃውን ወደ ማስረጊያው ላከ። መሬቱ ግን ተረግጦ ደርቋል፤ አልጠጣም። ውኃው ቆመ፣ ተንጣለለ፣ በበሩ ሥር ወደ ቤት ገባ። የተሞላ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ዶማ አነሣሁ። እናቴ ሮጣ እጀታውን ያዘችው።

«ተው! አስቀምጠው!»

ወንድሜ ሲታመም ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የወረደው አጎቴ ገና አልተመለሰም ነበር። ሸማኔ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። «ሐዘን የገባበት ግቢ ውስጥ ቤተሰብ ዶማ አያነሣም» አለኝ። «አፈር የከፈተ ከቤቱ ሌላ ሞት ይጠራል። ጎሜ ነው።» ጎሜ የሚባለው ክልክል የጣሰ ሰው ቤት የሚገባ መዘዝ ነው። አጎቴ ያለው ነገር ኦቾሎ ሁሉ የሚያውቀው ይሁን እሱ ብቻ የሚያምነው፣ አላውቅም። እናቴ ግን ጸሎት ቤት ናት የምትሄደው። እንዲህ ያለውን ነገር ተራራው ላይ ትተነው ወረድን ስትል ነው የኖረችው።

«እማ፣ በጎሜ ታምኛለሽ እንዴ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አንድ ልጅ ነው የቀረኝ።»

ዶማውን አስቀመጥኩት። ግን ዝናቡ እየጣለ ነው፤ የሚሰርግበት የለም። የዚህ ክረምት ዝናብ በላይ በላዩ ፈስሶ ከሄደ በበጋ እናቴ እንደገና ጀሪካን ልትይዝ ነው። የወንድሜም ሥራ ከእሱ ጋር አለቀ ማለት ነው። ባልቆፍር እሱን የተውኩት ይመስለኛል። ብቆፍር እናቴ ከእንግዲህ እንቅልፍ የላትም።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ብቆፍርስ እንዴት አድርጌ ልሙላው? ወንድሜ አሸዋ ሲነፋ ወንፊቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከታች የገባው አሸዋው ይሁን ድንጋዩ ግን ሊታወሰኝ አልቻለም። እጁ ይታወሰኛል።

ሎጁ ድረስ ወጣሁ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ ከወጥ ቤቱ ኋላ ወሰደኝና የማስረጊያቸውን ክዳን አነሣልኝ። እንግዶች ወዲያ ማዶ ቆመው ሐይቁን ፎቶ ያነሣሉ።

«ከታች ትልልቁ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ አሸዋው ከላይ» አለኝ። «ሲቆሽሽ ከላይ ጠርገህ ትቀይረዋለህ። ከሽንት ቤት አርቀው። የመጀመሪያውን ዝናብ አታስገባበት፤ የጣሪያውን ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል።»

«የእናንተ ጉድጓድ ታዲያ ተመለሰ?»

ራሱን አከከ። «ተመልሷል። ግን የዚያን ዓመት እንግዳም ቀንሶ ነበር። ስንት ይሁን ከዝናቡ፣ ስንት ይሁን ባለመቅዳታችን፣ ማን ያውቃል? ወንድምህ ከዝናቡ ነው ይል ነበር።»

እርግጠኛ የሆነ ነገር ልሰማ ነበር የሄድኩት። ሳልሰማ ወረድኩ።

መንገድ ላይ የአጎቴ ቃል እየተመላለሰብኝ ነበር። ቤተሰብ አይቆፍርም። እውነት ነው፤ መቃብርም ቢሆን ቤተሰብ አይቆፍርም። የሚቆፍረው ዕድር ነው። የወንድሜንም የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ቤት እንደገባሁ ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኩት። «ዕድር ከሆነ…» አለና እናቴን አያት። እናቴ አዎም እምቢም አላለችም።

የዕድሩ ዳኛ ጥያቄዬን ሁለቴ አስደገመኝ። «እኛ ሰው ሲሞት ነው የምንቆፍረው። ደንባችን ላይ ለዝናብ የሚል የለም።»

«የደፈናችሁትም እናንተ ናችሁ፣ ጋሼ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ፤ አፈረ መሰለኝ።

ቅዳሜ መጡ። ጎረቤታችንም አካፋ ይዞ መጣ። ዕድርተኛ ነው፤ ግን ማንንም ቀና ብሎ አላየም፣ ሳያርፍ ቆፈረ። እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ሐዘንተኛ ነህ፣ አትነሣ አሉኝ። አፈሩና ድንጋዩ ከወንድሜ ጠጠርና አሸዋ ጋር ተደበላልቆ ወጣ፤ እየለዩ ለየብቻ ከመሩት። እናቴ የበቆሎ ድብልብል ኩርኩፋ በሃላኮ፣ ማለትም በሽፈራው፣ ቅጠል ሠርታ አቀረበች። አንዱ ወጣት እየጎረሰ «ለሞተ ስንቆፍር እንዲህ አልበላንም» ሲል ሌላው በክርኑ ጎሰመው። እናቴ ሰምታለች፤ ጨመረችለት።

ባዶ ሲሆን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አሁንስ? የቱ ይቀድማል?»

«ትልልቁ ድንጋይ» አልኩ። ከዚያ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን ነገርኳቸው። አንድም አልተከራከረኝም። ሰውዬው የነገረኝን ነው የደገምኩት፤ እነሱ ግን ከወንድሜ የተማርኩት መሰላቸው። አላረምኳቸውም።

አሸዋውን አስተካክለው ሲጨርሱ የዕድሩ ዳኛ ባርኔጣውን አወለቀ። የቀብር ልማድ ነው። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ሌሎቹም አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። አጎቴ መሬት መሬት አየ። እኔ ወደ እናቴ ነው ያየሁት፤ ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አሜን» አለች። ቀጥላም «እጃችሁን ታጠቡ እንጂ» ብላ ባልዲውን ሰጠችኝ።

ቀድቼ መጣሁ። ውኃው ድፍርስ ነበር። በዚያው ታጠቡ። ለበጋ ይተርፍ አይተርፍ አላውቅም።